እናንተ የምትበሉትን አቅርቡልን

መንገደኛ ሰው ከቤቱ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ሁለት ጥያቄዎች ይከተሉታል። አንደኛው «የት አድራለሁ?» የሚለው ሲሆን ሁለተኛው «ምን እበላለሁ?» የሚለው ነው። ለመጀመሪያው መልስ ማግኘት ያን ያህል አያስቸግርም። አንሶላው ንጹሕ፣ በሩም የሚቆለፍ ከሆነ አልጋ የትም አልጋ ነው። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይከብዳል፤ መንገደኛው የሚሻው ሆዱን መሙላት ብቻ አይደለምና። የደረሰበትን አገር ሊቀምሰው ይወዳል፤ ኪሱ እንዳይራቆትም ይሠጋል። በዋጋ ያልከበደ፣ በንጽሕና የተሠራና በእውነት የዚያው አገር የሆነ ምግብ በአንድ ገበታ ላይ የተገኘለት እንደሆነ ያን ከተማ ዕድሜ ልኩን ሲያመሰግን ይኖራል።

ይህን ነገር ያነሣነው ስለ ሩቅ አገር ልንተርክ አስበን አይደለም። የምንናገረው ስለ ደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ስለ ተዘረጋው የደቡብ ጎንደር ደጋ ነው። አንባቢ እንደሚያውቀው ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ከሚወስደው አውራ ጎዳና ወረታ ላይ አንድ መንገድ ወደ ቀኝ ይገነጠላል። ይህን መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናውያን ስለ ሠሩት ባላገሩ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። የፎገራን ሜዳ ትቶ ዳገቱን ይወጣል፤ ደብረ ታቦርን አልፎ፣ የጉናን ተራራ ታክኮ፣ በጋይንትና በነፋስ መውጫ አድርጎ ጋሸና ይደርሳል፤ ከዚያም አንዱ ወደ ላሊበላ፣ ሌላው ወደ ወልድያ ይሄዳል። እንግዲህ የጣናን ገዳማት ጎብኝቶ በመኪና ወደ ላሊበላ የሚያልፍ እንግዳ፣ የአገር ልጅም ሆነ የውጭ አገር ሰው፣ ምሳውን በዚህ ደጋ ላይ መብላቱ የማይቀር ነው።

ታዲያ ምን ይበላል? በዋናው መንገድ ዳር ካሉት ሆቴል ቤቶች ወደ አንዱ ገብቶ የተቀመጠ እንደሆነ አሳላፊው ጥብስ፣ ቅቅል፣ ዱለት፣ ተጋቢኖ፣ በያይነቱ፣ ፓስታ በሥጎ፣ ሩዝ በአትክልት እያለ በአንድ ትንፋሽ ይደረድርለታል። ይኸው ዝርዝር በደሴም፣ በነቀምትም፣ በአዲስ አበባም ያለ ነው። ይህን ምግብ ልንነቅፍ አልተነሣንም፤ ጥብሱ ጥብስ ነው፤ ተርቦ የገባም ጠግቦ ይወጣል። ነገር ግን 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጦ፣ በመስኮት የገብስ ማሳና የድንች እርሻ እያየ የሚበላ ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ማሳ አንዲት ፍሬ እንኳ በሳህኑ ላይ ካላገኘ አገሩን በዐይኑ እንጂ በአፉ አላወቀውም።

አሳባችን ባጭሩ እንዲህ ነው። በደብረ ታቦር ዋጋው የሚቻል እውነተኛ የአገር ምግብ ሞልቷል። መንገደኛው ያላገኘው የሚሠሩት ሰዎች ስለሚያፍሩበት ነው።

እስቲ ደጋው ምን እንደሚያበቅል እንመልከት። በፋርጣና በጋይንት ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ተልባና ድንች ይመረታል። ወረድ ሲሉ ጤፍ፣ ዳጉሳና ኑግ አለ። ከዚያም በታች፣ ጣና ዳር፣ የፎገራ ሩዝ ይገኛል፤ ወተቱ የተመሰገነው የፎገራ ላምም የሚሰማራው በዚያው ሜዳ ነው። ከዚህ ሁሉ የደጋዋ እመቤት የምታወጣውን ባልትና ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ከገብሱ ብቻ ቆሎ ትቆላለች፤ በሶ ትፈጫለች፤ ገንፎ ታገነፋለች፤ ጠላ ትጠምቃለች፤ ወፈር ያለ፣ ሲቆርሱት የሚሸት እንጀራ ትጋግራለች። ከባቄላው ስልጆና እልበት ታዘጋጃለች። ተልባውን ቆልታ ወቅጣ ለጾም ፍትፍት ታደርገዋለች። ድንቹን አንድ ቀን በወጥ፣ አንድ ቀን በቅቅል ከሚጥሚጣ ጋር ታቀርበዋለች። አሬራው፣ አይቡና ጎመኑም አለ። የዚህ አገር ሰው በብርድ ላይ እርሻ አርሶ፣ እንጨት ፈልጦ፣ ዳገት ወጥቶ የሚያድረው በዚህ ምግብ ነው።

አሁን ባለፈው ጊዜ ያየነውን እንናገር። ከአንድ ባልንጀራችን ጋር ሆነን ከደብረ ታቦር መናኸሪያ አካባቢ ካሉት ጠባብ ቤቶች ወደ አንዲቱ ገባን። የቤቲቱ እመቤት በዕድሜ የገፉ፣ ነጠላቸውን ያደገደጉ ሴት ናቸው። «እማማ፣ ምን ምን አለ?» ብንላቸው «ጥብስ አለ፣ ሽሮ አለ፣ ፓስታም ይሠራል» አሉን። በጓዳው በር በኩል ግን ሁለት ሕፃናት ከአንድ ትሪ ላይ የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ ሲበሉ ይታየን ነበር፤ ሽታው ደርሶ አውዶናል።

«እማማ፣ ልጆቹ ከሚበሉት አይሰጡንም?» አልናቸው።

«ውይ ልጆቼ!» አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈን አደረጉ። «ይህማ የቤት ነው። ለእንግዳ ይሰጣል እንዴ?»

ለምነን ቀረበልን። ጣዕሙን ለመግለጽ ወረቀት አናባክንም፤ ባልንጀራችን ሁለተኛ አስጨመረ ማለት ይበቃል። ነገሩ የጠናው ሒሳብ ስንጠይቅ ነው። እማማ ዋጋ መናገር አቃታቸው። «ምን ብዬ አስከፍላችኋለሁ? ሽሮ ብትበሉ ኖሮ ዋጋው የታወቀ ነበር» አሉን።

ይህች አንዲት ንግግር ብዙ አሳሰበችን። ሽሮው ዋጋ አለው፤ ፓስታውም ዋጋ አለው፤ ሴትዮዋ በገዛ እጃቸው ጋግረው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ምግብ ግን ዋጋ የለውም። ኀፍረቱ ሁለት መልክ አለው ማለት ነው። አንደኛው ምግቡን ከእንግዳ ዐይን መሰወር ነው። ሁለተኛው በእርሱ ገንዘብ መቀበልን እንደ ነውር መቁጠር ነው።

ሁለተኛው ኀፍረት የቆየ ታሪክ ያለው ስለሆነ ጥቂት ብናወራበት አንባቢ አይሰለቸንም ብለን እናስባለን። በዱሮ ዘመን በአገራችን መንገደኛ ምግብ አይገዛም ነበር። ሲመሽበት ከአንድ ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ» ሲል በሩ ይከፈትለታል፤ እግሩ ይታጠባል፤ ከተገኘው ይበላል። ደብረ ታቦር የየጁዎቹ መሳፍንት፣ ኋላም የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ወደ ግቢ የሚመጣ ትልቅ እንግዳ ደግሞ ድርጎ ይታዘዝለት ነበር። እንጀራው፣ ማሩ፣ ሙክቱ ያረፈበት ድረስ ይመጣለታል። ድርጎ ለእንግዳው ያለ ዋጋ ነው፤ ነገር ግን ከጎተራው እየዛቀ፣ ከበረቱ እየሳበ የሚከፍለው ባላገሩ ነበር። ስለዚህ ያን ዘመን ሁሉም ነገር በነፃ የነበረበት ዘመን እያልን ስናሞግሰው ይህን መርሳት የለብንም።

በ1890ዎቹ መጨረሻ እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ባስከፈቱ ጊዜ ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላት ለመኳንንቱ ትልቅ ኀፍረት ሆኖባቸው እንደ ነበር ይተረካል። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ሄደው በልተው፣ ሒሳባቸውንም ከፍለው ሰውን አስለመዱት ይባላል። በከተማ ያ ኀፍረት ከጠፋ ቆይቷል። ዛሬ ለጥብስና ለቢራ ገንዘብ ማውጣት የሚያሳፍረው ሰው የለም። በገብስ እንጀራ ላይ ግን አሁንም አለ፤ ይኸውም ሻጩ ዘንድ።

የመጀመሪያው ኀፍረት፣ ምግቡን መሰወሩ፣ ከነጭ ጤፍ የመጣ ነው። እንጀራ ሲነጣ ባለቤቱ ይከበራል፤ ሲጠቁርና ሲወፍር ባለቤቱ ድኻ ነው ይባላል። ስለዚህ ምግብ ቤት የከፈተ ሰው ሁሉ የነጭ ጤፍ እንጀራ አለኝ ማለት ይወዳል። የጤፍ ዋጋ እየናረ ሲሄድ ደግሞ ከጤፉ ላይ ሩዝ ይጨምርበታል። ይህ ማንም የሚያውቀው ምሥጢር ነው። የፎገራ ሩዝ እንጀራውን ያነጣዋል፤ ወጪውንም ይቀንሳል። ትኩስ ሳለም ማለፊያ ነው፤ ሲያድር ግን ይደርቃል። እኛ የምንቃወመው መቀላቀሉን አይደለም፤ መደበቁን ነው። ሩዝ በፎገራ የተለመደው በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች እርዳታ በጅግና አካባቢ ከተሞከረ ወዲህ ነው። ከዚያ ቀበሌ ስሙን የወሰደው «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዘር የብዙ ገበሬ ቤት አቁሟል፤ በወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሟል። አገር የሚኮራበትን ሰብል በጤፍ ስም ሸፍኖ ከመሸጥ «ይህ የፎገራ እንጀራ ነው፤ ግማሹ ሩዝ ነው፤ ዋጋውም ይህን ያህል ይቀንሳል» ብሎ በግልጥ ማቅረብ አይሻልምን? መንገደኛው ሳይጠረጥር ይበላል፤ ቤቱም ልዩ የሆነ ነገር አገኘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ «ሩዝ የትናንት እንግዳ ነው፤ እንዴት የአገር ምግብ ትሉታላችሁ?» ሊለን ይችላል። ጥያቄው መልካም ነው። ድንችስ ቢሆን? ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1858 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን እንዳመጣው ይጻፋል። ዛሬ የፋርጣን ገበሬ ከድንቹ የሚለየው የለም። ለእኛ እውነተኛ የአገር ምግብ ማለት ጥንታዊ ማለት አይደለም፤ የቦታው ሰው ከማሳው አውጥቶ በዛሬው ቀን በቤቱ የሚበላው ማለት ነው። በዚህ ሚዛን የፎገራ ሩዝ ያልፋል፤ የገብሱ እንጀራም ያልፋል። በፋብሪካ ማሸጊያ የመጣው ፓስታ ግን፣ በፍቅር የምንበላው ቢሆንም፣ ደብረ ታቦር መድረሳችንን አይነግረንም።

ይህን ካልን፣ መንገደኛው እስኪለወጥ ድረስ ቁጭ ብሎ አይጠብቅምና እንዴት ይፈልግ? ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ብዙ ዘመን ስላላለፈ የቀጭን ኪስ ብልሃት አልጠፋንም።

መጀመሪያ ተማሪን መከተል ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ ይቀበላል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከግቢው ማእድ ይልቅ ገንዘቡን ተቀብሎ ውጭ የሚበላ ተማሪ «ነን ካፌ» ይባላል። ነን ካፌ የሆነ ልጅ በየወሩ የሚሰጠውን ጥቂት ብር ይዞ ሠላሳ ቀን መክረም ስላለበት ከማንም በላይ የዋጋ ሊቅ ነው። የትኛዋ እናት ወጥ እንደማትሰስት፣ የትኛዋ ሽሮዋን በውሃ እንደምታቀጥን ያውቃል። እርሱን መንገድ ላይ አቁሞ «ወንድሜ፣ ምሳ የት ትበላለህ?» ማለት ከማንኛውም የመንገድ መሪ መጽሐፍ ይበልጣል።

ቀጥሎ የጭነት መኪና ነጂዎች አሉ። በፈረንሳይ አገር በ1934 እ.ኤ.አ. ሬሌ ሩቲዬ የተባለ ማኅበር ተነሥቶ የጭነት መኪና ነጂዎች ጥሩ ምግብ በመጠነኛ ዋጋ የሚያገኙባቸውን ቤቶች እየመረጠ በመጽሐፍ ያሳትም ጀመር። ቀይና ሰማያዊ ክብ ምልክትም በደጃፋቸው ሰቀለላቸው። ብዙ ሳይቆይ በቤት መኪና የሚሄደው ቤተሰብ ሁሉ ያን ምልክት እያየ ይገባ ጀመር። በቻይና መንገድ ላይም እህልና ሲሚንቶ ጭነው የሚመላለሱ ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው የሚወርዱበት ቤት ብዙ ጊዜ አያሳፍርም። ግን አንባቢ ሆይ፣ የጭነት መኪናን ከአውቶቡስ ለይልኝ። የሕዝብ አውቶቡስ የሚቆምበት ምግብ ቤት ሁልጊዜ በጣዕሙ የተመረጠ አይደለም። በብዙ መንገዶች ላይ ሾፌሩና ረዳቱ በነፃ ይበላሉ፤ የእነርሱን ሒሳብ ሃምሳው ተሳፋሪ ከጥብሱ ጋር አብሮ ይከፍላል። የጭነት መኪናው ሾፌር ግን ከኪሱ ስለሚከፍል ምስክርነቱ ይታመናል።

በዋሽንግተን ከተማም ነገሩ እንዲሁ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ማማ ደስታ የተባለው ምግብ ቤት እዚያ ከተከፈተ ወዲህ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በርክተዋል። አገራችንን የሚወድ አሜሪካዊ ደኅናውን ከተራው ለመለየት የእኛ ልጆች ታክሲዎቻቸውን የሚያቆሙበትን ቤት ይመለከታል። ጤፍ በቀላሉ በማይገኝበት በዚያ ዘመን ወገኖቻችን ስንዴውንም ገብሱንም እየቀላቀሉ ይጋግሩ ነበር፤ ፈረንጁም በደስታ እየቆረሰ በላ። በባዕድ አገር ያላፈርንበት ቅልቅል በተወለደበት ደጋ ላይ የሚያሳፍር የሆነው ስለምንድን ነው?

ከዚህ በቀር ምልክት ማንበብ የሚያውቅ ሰው አይራብም። በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ያየ እንደሆነ እዚያ ቤት ጠላ አለ። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ሙሉውን ሁለት ወር ያህል፣ ማንም ቤት የጾም ወጥ ስለሚሠራ ሥጋ ለመብላት ያልጓጓ መንገደኛ በእነዚህ ቀኖች ይመጣ። የባላገሯ ባልትና በደንብ የሚታየው ያን ጊዜ ነው፤ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። በገበያ ቀን ደግሞ ከገጠር የመጣው ሰው እህሉን ሸጦ ወደ ቤቱ ሳይመለስ የሚቀምስባቸውን ቤቶች ማየት ነው። ወረታ ላይ ያረፈ ደግሞ አምባዛና ቆሮሶ ከጣና ሳይርቅ ቢበላ ይሻለዋል እንጂ ዓሣውን ዳገት እስኪወጣ አይጠብቀው።

ወደ ዋጋ እንመለስ። መንገደኛን የሚያስቀይመው የዋጋ ከፍታ ብቻ አይደለም፤ አለመታወቁም ነው። እኛ ራሳችን በዚሁ መንገድ ላይ፣ ስሙን በማንጠራው አንድ ቤት፣ ከአንድ የውጭ አገር ሰው ጎን ተቀምጠን አንድ ዐይነት ምግብ በልተን ነበር። ሒሳብ ሲመጣ የእርሱ ከእኛ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አሳላፊውን ብንጠይቀው «እሱ አለው» ብሎ መለሰልን። እንግዳው ምንም አላለም፤ ከፍሎ ወጣ። እንዲህ ያለ ሰው ከዚያ በኋላ በሚያልፍባቸው ከተሞች ሁሉ ወደ ጠባቧ ቤት መግባት ይፈራል። በዋጋ ከባድ ቢሆንም ዝርዝሩ ወደ ተጻፈበት ትልቅ ሆቴል ይሄዳል። አንዱ አሳላፊ በአንድ ቀን ያተረፈው ትርፍ የሌሎቹን ድኾች ቤት ገበያ ያጠፋል ማለት ነው።

በሕግ በኩል ነገሩ አዲስ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ሁሉ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጥ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ አዝዟል። በፈረንሳይ አገር ምግብ ቤት ዝርዝሩን ከነዋጋው ከደጁ ውጭ የመስቀል ግዴታ አለበት፤ መንገደኛው ገና ሳይገባ ኪሱን ከወረቀቱ ጋር ያስተያያል። እኛ ዘንድ የሚያስፈልገው አንድ ጥቁር ሰሌዳና አንድ ጠመኔ ብቻ ነው። «የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ፣ ይህን ያህል ብር» ተብሎ የተጻፈ ቀን እማማ ዋጋ ለመናገር አያፍሩም፤ ሰሌዳው ይናገርላቸዋልና።

አንዳንድ ባለ ሆቴሎች ለዚህ መልስ አላቸው። «እንግዳው ራሱ ጥብስና ፓስታ ይጠይቃል፤ የማይታዘዝ ምግብ ሠርተን እንጣለው?» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ሰው የሚያውቀውን ያዝዛል። ግን ያልተጻፈ ምግብ ማን ያዝዛል? ሌሎች ደግሞ ስለ ንጽሕና ይናገራሉ። ይህኛው ከባድ ነገር ስለሆነ በቀላሉ አናልፈውም። ጠባብ ቤቶች ብዙዎቹ የቧንቧ ውሃ አይበቃቸውም፤ የእጅ መታጠቢያቸው አንድ ባልዲና አንድ ጣሳ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ጥሬ ሥጋ ወይም ያልተፈላ ውሃ የነካው ሰላጣ መብላት በሽታን መጥራት ነው፤ ኮሶውም ታይፎይዱም በዚህ መንገድ ይመጣል። ከምድጃ ላይ እየፈላ የወረደ የባቄላ ወጥ፣ ከምጣድ የወጣ ትኩስ እንጀራና ተቀቅሎ በፊታችን የተላጠ ድንች ግን በትልቁ ሆቴል ከትናንት ጀምሮ ከቆየው ሥጎ ይልቅ ሆድ አያውክም። ለባለ ጠባብ ቤቶቹ ውሃ ማድረስ የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ነው፤ የሴቶቹ ጥፋት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባውም።

ይህን ሁሉ ስንል መንገዱ ያየውን መከራ አልዘነጋነውም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ በሕወሓት ተዋጊዎች እጅ ወድቃ ተዘርፋለች፤ በዚያው ወራት ደብረ ታቦርም የከባድ መሣሪያ ጥይት ወድቆባታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በተነሣው ውጊያ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ከርሟል፤ ወደ ላሊበላ ያልፍ የነበረው የውጭ አገር እንግዳም እጅግ ቀንሷል። ማንም ሰው የመንገዱን ሁኔታ ሳያጣራ እንዲነሣ አንመክርም። ነገር ግን አንድ ነገር አስተውለናል። እንግዳ ሲጠፋ ፓስታና ክለብ ሳንዱች ያቀርቡ የነበሩ ቤቶች ይጨልማሉ፤ በገብስና በድንች፣ ለአገሩ ሰው ለራሱ የሚያበስሉት ቤቶች ግን ምድጃቸው አይጠፋም። የሚሸጡት ያው ለልጆቻቸው የሚያበስሉት ስለሆነ፣ ያልተሸጠውን ቤተሰቡ ይበላዋል።

ሰላም ሲመለስ መንገደኛውም ይመለሳል። ያን ጊዜ እንዲዘጋጅ የምንፈልገው ብዙ አይደለም። የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ አሥር ወይም አሥራ አምስት የሚሆኑ ጠባብ ቤቶችን መርጦ፣ እንደ ፈረንሳዮቹ ምልክት ሰጥቶ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ስማቸውን ቢያሳትምልን ወጪው ከአንድ ቀን ስብሰባ አበል አይበልጥም። ለሙከራ የሚሆን ቀንም አለ። ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ ከተማዪቱ ስሟን የወሰደችበት፣ ሕፃናት «ሆያ ሆዬ» እያሉ በየደጁ የሚዞሩበት፣ እናቶችም ሙልሙል የሚጋግሩበት ቡሄ ነው። ለዚያ በዓል የሚመጣው እንግዳ ሙልሙሉን ከሕፃናቱ እጅ ለምኖ ካልሆነ በቀር በሆቴል ቤት ሊገዛው አይችልም። አንድ ሙልሙል ከአንድ ብርጭቆ ጠላ ጋር፣ ዋጋው ተጽፎ፣ በሆቴሎቹ ሁሉ በዚያን ቀን ቢቀርብ የማን ኪስ ይጎዳል?

ለጊዜው ግን መንገደኛው የራሱን ብልሃት ይያዝ። ወደ ጠባቧ ቤት ሲገባ «ምን አለ?» አይበል፤ የሚመልሱለት የሆቴሉን ዝርዝር ነውና። «ለራስዎ ቤት ዛሬ ምን ሠሩ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ዋጋውንም ሳይቀመጥ ይስማ። በእነዚህ ቤቶች ድስቱ አንድ ነው፤ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ተማሪውና የቀን ሠራተኛው ይሻሙበታል። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የደረሰ ሰው የሚያገኘው ባዶ ድስትና «እንቁላል ልጥበስልህ?» የሚል ጥያቄ ነው።